ሦስት ወንድማማቾችና አንድ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ከዛሬ ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ በአንዲት ደጋ ከተማ ዳርቻ ባለ የእርሻ ኮሌጅ ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ክፍል ይሠሩ ነበር። ታላቁ ቢያድግልኝ፣ መካከለኛው ምንይችል፣ ታናሹ ልጅዓለም ይባላሉ። የአንድ እናት ልጆች እንዴት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ለዚያውም በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው፤ ታላቁ መጀመሪያ ገባ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ሥራቸውን ግን ያውቁ ስለነበር ማንም ጣቱን አልቀሰረባቸውም።

የሚጠብቁት የኮሌጁን የኢሜይል ሰርቨር ነበር። የመምህሩም የሠራተኛውም መልእክት የሚመጣውም የሚቀመጠውም በዚያ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ አርጅቷል፤ ሲሠራ ድምፁ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። አዲስ ይገዛ ተብሎ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ በየዓመቱም «በጀት ሲፈቀድ» ይባላል። ወንድማማቾቹም እስኪፈቀድ ድረስ ያንኑ ሽማግሌ እያስታመሙ ይኖሩ ነበር።

ቢያድግልኝ ሲበዛ ጠንቃቃ ነው። ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚነካ ዓይነት ሰው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፉ አይለይም፤ የሁሉንም ሰው መልእክት በየጊዜው እየገለበጠ መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣል። ምንይችል ጠጋኝ ነው። የተበላሸ ነገር ካየ እጁ አያርፍም፤ የሰፈሩ ሬዲዮና የግድግዳ ሰዓት ሁሉ በእጁ አልፏል። ልጅዓለም ደግሞ ቆራጥ ነው። ስብሰባ ሲረዝም ወንበሩ ይቆረቁረዋል፤ ሌሎች ሲመካከሩ እሱ ጨርሶ ይገኛል።

ከእነሱ ክፍል ፊት ለፊት መዝገብ ቤቱ አለ። እዚያ የምትሠራው ወይዘሮ የሺመቤት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ሶስና የምትባል። ሶስና ብልህ ልጅ ናት፤ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ጀርባዋ ወደ አንድ ጎን እየጎበጠ ሄደ። መጀመሪያ የደብተር ቦርሳዋ ከአንዱ ትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ቀጥሎ እናቷ የምትሰፋላት ቀሚስ አንዱ ጎኑ እያጠረ አስቸገረ። ከዚያ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ያያት ሐኪም ነገሩን ሳይሸፋፍን ለእናቷ ነገራት፤ ልጅቷ እድገቷን ሳትጨርስ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አጥንቱ ሳንባዋን ይጫነዋል።

በዋና ከተማው አንድ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ላሉ ሕፃናት በነፃ ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ የውጭ ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣሉ። የሺመቤት ልጇን አስመዘገበች። ተራ የደረሰው ልጅ የጥሪ ወረቀቱ ለወላጁ በኢሜይል ይላክለታል፤ ወላጁ አትሞ ይዞ ይቀርባል፤ ያለ ወረቀቱ በሩን የሚያልፍ የለም። የሺመቤት ከመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በቀር ሌላ ኢሜይል አልነበራትምና እሱኑ ሰጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ኮምፒዩተሯን ከፍታ ማየት ሆነ።

አንድ ሰኞ ቀን ታዲያ ሰርቨሩ ሞላ።

እንዴት እንደሞላ ለማወቅ የኮሌጁን ሰው ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ለዓውደ ዓመት አንዱ በአበባ ያጌጠ «እንኳን አደረሳችሁ» ለሁሉም ይልካል። ሌላው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ለሁሉም ይመልሳል፤ አበባውም አብሮ ይመለሳል። ዲኑ የምረቃውን ፎቶግራፍ አንድ ሳያስቀሩ ለሁሉም ይልካሉ። የሠርግ ጥሪው፣ የለቅሶ ማስታወቂያው፣ የጠፋ የቢሮ ቁልፍ ፍለጋው ሁሉ ለሁሉም ነው። የሚሰርዝ ደግሞ የለም፤ የሰው ሰላምታ መጣል ነውር ይመስላቸዋል። ሰረዝኩ ያለውም አልሰረዘም፤ የተሰረዘው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብቶ እዚያው ቦታ ይዞ ይቀመጣል። መጣያውን ባዶ ያደረገም ቢሆን ማሽኑ «ይህ የሚጣል ነው» ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ ጽዳቱ እስኪታዘዝ ድረስ አያወጣውም። የሞላ ማሽን ደግሞ አዲስ መልእክት አይቀበልም፤ ከበር ይመልሳል።

የሺመቤት ይህን አታውቅም ነበር። የነገረቻት ከሆስፒታሉ የደወለችላት ነርስ ናት፤ ሲስተር ዘነበች።

«የሶስና እናት ነሽ?»

«ነኝ፤ ምነው?»

«የጥሪ ወረቀቱ ተልኮልሽ ነበር። የኢሜይል ሳጥንሽ ሞልቷል ተብሎ ተመለሰ። ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ደግመው ይልኩታል። ነገም ከተመለሰ ተራው ለሚቀጥለው ልጅ ነው።»

«አንቺ በእጅ ብትሰጪኝስ? እመጣለሁ፣ ዛሬውኑ እነሳለሁ!»

«እኔ አላየውም እኮ፤ በቀጥታ ለወላጅ ነው የሚላከው። በይ እህቴ፣ ባለሙያ ካላችሁ ቶሎ አስተካክሉት።»

የሺመቤት ስልኩን መዝጋቷን ሳታውቅ ኮሪደሩን ተሻግራ ወንድማማቾቹ ክፍል ገባች። የተባለችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሦስቱም ሶስናን ያውቋታል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን የምትጠብቀው እነሱ በር ላይ ተቀምጣ ነው። ስለዚህ አንዳቸውም «እናያለን» አላሉም።

«መሰረዝ አለበት» አለ ምንይችል። «ግን በወጉ ነው። እትዬ የሺ፣ አንቺ ያረጀ ፋይል ስታስወግጂ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከመዝገቡ ላይ እሰርዘዋለሁ። ከዚያ ከመደርደሪያው አወጣዋለሁ።»

«ይኸውልሽ፣ ይሄም እንደዚያው ነው። መልእክቶቹ መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ፋይሎች ናቸው። ማሽኑ ግን መደርደሪያውን አያይም፤ ማውጫውን ነው የሚያይ፣ እንደ አንቺ መዝገብ። በፕሮግራሙ በኩል ከሰረዝን ማውጫውን እያስተካከለ ያወጣል፤ ምንም አይበላሽም። በእጃችን ከመደርደሪያው ብንጎትት ግን ማውጫው የሌለውን አለ እያለ ይሳሳታል።»

«ታዲያ በወጉ ሰርዙዋ።»

«ማሽኑ ሽማግሌ ነው፤ ከነገ ወዲያ ቢጨርስ ነው።»

ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ። «በወጉም ሆነ ያለ ወጉ፣ ቅጂ ሳልይዝ ማንም ምንም አይነካም። የሰው ንብረት ነው።»

«ቅጂውን የት ታስቀምጠዋለህ ጋሼ?» አለ ልጅዓለም። «ሞልቷል እኮ ነው የተባለው!»

«ዲኑ ይወስኑ» አለ ቢያድግልኝ ዓይኑን ከማሽኑ እያሸሸ። ሁለቱ ታላላቆች ዲኑን ለማማከር ተያይዘው ወጡ። የሺመቤትም ዲኑ ይፈቅዱላት እንደሆነ ልትለምን ተከተለቻቸው። ልጅዓለም ብቻውን ከማሽኑ ጋር ቀረ።

ምን እንዳደረገ ገምታችኋል። ማንንም አልጠየቀም። ፕሮግራሙን ትቶ በቀጥታ መልእክቶቹ ወዳሉበት ማኅደር ገባና ያረጁትን በሙሉ፣ የማንም ይሁኑ የማን፣ በእጁ ጠርጎ አወጣቸው። የአበባውን ሰላምታ፣ የምረቃውን ፎቶግራፍ፣ ያለፉ ሠርጎችን ሁሉ ሰደዳቸው። ሌሎቹ ዲኑ ቢሮ በር ላይ ተራ ሲጠብቁ እሱ ሥራውን ጨርሶ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነበር።

«ተከፍቷል» አላቸው ሲመለሱ። «ነገ ይግባ።»

ምንይችል ስክሪኑን አይቶ ግንባሩን ያዘ። ቢያድግልኝ ታናሹን ልክ ልኩን ነገረው። የሺመቤት ግን ከተነገረው ሁሉ የሰማችው «ተከፍቷል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ልጅዓለምን አቅፋ ሳመችው።

ማክሰኞ ጠዋት መልእክቱ ገባ። ማሽኑ ለገባውና ለወጣው ሁሉ የሚያኖረው ምልክት አለ፤ ወንድማማቾቹ ለየሺመቤት አሳዩዋት። ከሆስፒታሉ የተላከ፣ ለእሷ የተላከ፣ ተቀባይነት ያገኘ መልእክት። እልል ልትል አፏን ከፈተች። ወደ ኮምፒዩተሯ ሄዳ ሳጥኗን ስትነካው ግን አልከፈት አለ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? ማውጫው ተዛብቶ ነበር። ዲኑ ከሚኒስቴሩ የመጣውን ደብዳቤ ሲነኩ የማያውቁት ሰው የልደት ኬክ ይመጣላቸዋል። የሰብል በሽታ አስተማሪው መምህር አሰግድ ለዓመታት ከገበሬዎች ጋር የተጻጻፉት ሁሉ ርዕሱ በዝርዝሩ ላይ አለ፤ ሲነኩት «የለም» ይላል። የብዙ ሰው ሳጥን ተዛባ እንጂ ተከፍቷል፤ የየሺመቤት ግን ከነጭራሹ ተዘጋ። መልእክቱ ውስጥ አለ፤ በሩ ግን የለም። በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ካልያዘች ደግሞ ሐኪሞቹ ልጆቹን በሚቀበሉበት ቀን አትደርስም።

የሺመቤት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከኮረብታው ላይ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። ለእርጅናዋ ብላ ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችው፣ ገና ያልለበሰችው አንድ ጋቢ ነበራት። ከእሱ የተሻለ ንብረት የላትም።

«ኪዳነ ምሕረት እናቴ» አለች ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ «ያንን ወረቀት እጄ ላይ ያስገባልኝን ሰው በእጄ የፈተልኩትን ጋቢ አለብሰዋለሁ። ልጄን አደራ።»

በሩ ክፍት ነበርና ሦስቱም ወንድማማቾች ሰሟት።

ምንይችል ማውጫውን ሊጠግን እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ማሽኑ ቀረበ። ቢያድግልኝ ወንበሩን ስቦ ከፊቱ ተቀመጠና አላስነካ አለ።

«መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ።»

«የተበላሸ ነገር ምኑ ይገለበጣል?»

«ስብርባሪውም ይያዛል። ትናንት አላስያዛችሁኝም፤ ዛሬ ግን ሳልይዝ አልነሳም።»

ቢያድግልኝም ልጅዓለም በከፈተው ባዶ ቦታ ላይ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሳጥን ከነብልሽቱ መገልበጥ ጀመረ። ዲኑ ደወሉ፤ አላነሳም። ዲኑ ራሳቸው መጡ፤ ከወንበሩ ሳይነሳ አክብሮ እጅ ነሳቸው። የሺመቤት በር ላይ ቆማ ፀሐይዋን ስታይ ልቧ በንዴት ጨሰ። «አንተ ሰው፣ ልጄን ልትቀብራት ነው?» አለችው። ቢያድግልኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳም። ቅጂው ሲያልቅ ጠዋቱ አብሮ አልቆ ነበር።

አሁን ተራው የምንይችል ሆነ። ማንም በመካከል አዲስ ነገር እንዳይጽፍበት የኢሜይሉን አገልግሎት በሙሉ አቆመ። ከዚያ ለጥገና የተሠራውን መሣሪያ አዘዘው። መሣሪያው የዲኑን ሳጥን አስተካከለ፤ የመምህር አሰግድን አስተካከለ፤ የየሺመቤት ዘንድ ሲደርስ ግን ማውጫው ከሁሉም የባሰ የተበላሸ ስለነበር የሚጠገን ነገር አልመሰለውም። ቆሻሻ ነው ብሎ ሳጥኑን ከነመልእክቶቹ ባዶ አደረገው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሳጥኑ ተከፈተ፤ ውስጡ አንድም የለም።

የሺመቤት ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ እንባው አልመጣላትም። ምንይችል ፊቱ አመድ መስሎ ቀረ፤ በሕይወቱ የጠገነው ነገር በእጁ ሲሞት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ያኔ ቢያድግልኝ አንድም የወቀሳ ቃል ሳይናገር የገለበጠውን ስብርባሪ አምጥቶ ቦታው መለሰው።

«እንደገና» አለው ወንድሙን። «ነገ ሳይሆን አሁን።»

ምንይችል በዚህኛው ጊዜ መሣሪያውን አላመነውም። የተበላሸውን ማውጫ ልጠግን ማለቱን ትቶ ጭራሽ ጣለው። መልእክቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ፣ ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ እያነበበ አዲስ ማውጫ ይሠራ ጀመር። የሺመቤት ይህ ሥራ ገብቷታል፤ መዝገቡ ቢቃጠል እሷም የምታደርገው እንዲሁ ነው፤ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞሩ እንደገና መጻፍ። ጣቶቹን እያየች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆመች። የዓመታት መልእክት ሁሉ ትናንት የመጣ ይመስል «ያልተነበበ» ሆኖ ቅደም ተከተሉ ጠፍቶ ተደረደረ። ምንይችል ዝርግፉን ፈትሾ የሆስፒታሉን አወጣና አተመው። ወረቀቱ ገና ትኩስ ሳለ እጇ ላይ አኖረላት።

የመጨረሻውን አውቶቡስ ደረሰችበት።

ሶስና ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። አጥንቷን ቀጥ አድርገው በብረት አሰሩላት። ቤቷ ስትመለስ ቁመቷ ጨምሮ ነበር፤ እናቷ የሰፋችላት ቀሚስ ሁሉ በሁለቱም ጎን እኩል አጠረ። ሐኪሞቹ ግን አጥንቱ ብረቱን ይዞ እስኪጠና ድረስ ዓመት ይጠበቅ፣ ትጠንቀቅ ብለዋል። የሺመቤት ይህችን ዓመት ነው የምትፈራት። ስለት አስቀርታ ልጇ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ለራሷ ምን ብላ ትመልሳለች?

ሦስቱ ወንድማማቾች ብርቱካን ይዘው ሶስናን ሊጠይቁ መጡ። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ልጅዓለም እየሳቀ «እትዬ የሺ፣ ጋቢዬስ?» አለ።

ምንይችል አልሳቀም። «የአንተ ጋቢ ደግሞ የት አለ?»

«ቦታ የከፈተው ማን ነው? እኔ ባልጠርግ መልእክቱ ማክሰኞም ከበር ይመለስ ነበር። እናንተ በወጉ እያላችሁ ተራዋ ያልፍ ነበር። ያልገባ ነገር አይገለበጥም፣ አይጠገንም።»

«የገባውንስ ምንይችል አላጠፋውም?» አለ ቢያድግልኝ በቀስታ። «ሁላችሁም ስትጮኹብኝ ባልይዘው ኖሮ፣ የምትጠግኑት ምን ነበር? እትዬ የሺ ራሷ ረግማኛለች፤ ችዬ ነው የያዝኩት።»

ምንይችል ወደ የሺመቤት ዞረ። «ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። ግን እነሱ ሲጨርሱ አንቺ ፊት የነበረው የማይከፈት ሳጥን ነው። ስለትሽ እጄ ላይ ያስገባልኝን ነው የሚለው። እጅሽ ላይ ያስገባው ማን ነው?»

ይህ ተባብሎ ቢቆም ጥሩ ነበር። ወንድማማቾች ሲጣሉ ግን የማይገለጥ ጉድ የለም። ምንይችል ሰርቨሩን ካዳነ በኋላ ዲስኩን ያን ያህል ምን እንደሞላው መርምሮ ነበርና በዚያች ቀን አወጣው። የሞላው አበባውና ፎቶግራፉ ብቻ አልነበረም። ከግማሽ በላይ የያዘው የቢያድግልኝ ቅጂ ነው። አዲስ ሲገለብጥ አሮጌውን መጣል እየፈራ፣ ቅጂ በቅጂ ላይ እየደረበ፣ ለዚያውም በዚያው ዲስክ ላይ፣ ለዓመታት አከማችቶ ነበር።

«ሰኞ ዕለት አሮጌ ቅጂዎችህን ብትጥል ኖሮ ቦታው ይከፈት አልነበረም?» አለው። «ማንም ምንም ሳይሰርዝ!»

ቢያድግልኝ አቀረቀረ። «እውነት ነው። ጨነቀኝ፤ የጣልኩት ዕለት የሚያስፈልግ መሰለኝ። ግን ልጅዓለም የጠረገውን የመምህር አሰግድን ጽሑፍ አብዛኛውን ከየት መለስንላቸው? ከእነዚያው አሮጌ ቅጂዎች አይደለም?»

«አብዛኛውን» አለ ልጅዓለም። የቀረው ግን ጠፍቶ ቀርቷል፤ መምህር አሰግድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰላም አይሉትም። ሦስቱም ብርቱካናቸውን እንኳ ሳይልጡ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲያ በአንድ ክፍል እየዋሉ ምሳ ለየብቻ ሆነ።

ወሬው ኮሌጁን አዳረሰ። የመምህራን ክበብ ለሦስት ተከፈለ። ወጣቶቹ የልጅዓለም፣ ሒሳብ ክፍሎች የቢያድግልኝ፣ የመኪና ጥገና ሰዎች የምንይችል ወገን ሆኑ። ዲኑ ሁሉንም ሰምተው «ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ።

የሺመቤት የነፍስ አባቷን፣ መምሬ ወልደትንሣኤን፣ ልታማክር ሄደች። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ተረከችላቸው። ማውጫ፣ ቅጂ፣ ጥገና ስትል በትዕግሥት አዳመጧት።

«ስንት ጋቢ ተሳልሽ ልጄ?»

«አንድ፣ አባቴ።»

«ለስንት ሰው?»

«ያስገባልኝን ሰው ነው ያልኩት። ለአንድ።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ነው የምታለብሺው።»

«ሁለት ጨምሬ ባሠራስ? ሦስቱንም ባለብስ?»

«ደግ ነው፤ አልብሻቸው። ያ ግን ስጦታ ነው። ስለት የተባለው ነው፤ አይሸራረፍም፣ አይጨመርበትም። የፈተልሽው ጋቢ ለአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ እኔን አትጠይቂኝ፤ የማላውቀውን አልፈርድም።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩላት፦ «ለታቦቷ ጃንጥላ ብትሳዪ ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ!»

የሺመቤት ሳቀች፤ ሳቋ ግን በጭንቀት አለቀ። ቤቷ ገብታ ስታስበው አደረች እንዳትሉ፤ ሳምንታት አሰበችው። ማሰቡ አልጠቀማትም። ልጅዓለምን ስታስብ ደፍሮ ባይነሳ ልጄ ጎብጣ ትቀር ነበር ትላለች፤ ከዚያ የተዘጋው ሳጥን ትዝ ይላታል። ቢያድግልኝን ስታስብ የተናገረችው ክፉ ቃል ያሳፍራታል፤ ከዚያ ዝም ብሎ የደበቀው ክምር ትዝ ይላታል። ምንይችልን ስታስብ የወረቀቱ ሙቀት መዳፏ ላይ ይመጣል፤ ከዚያ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛታል። ሦስቱንም ትወዳለች፤ ሦስቱም አስቀይመዋታል። አንዱ ባይኖር ወረቀቱ አይኖርም፤ አንዱ ባያጠፋ ሌላው አያስፈልግም ነበር።

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ደረሰች። ስለት የሚገባበት ቀን ነው። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች መለያየታቸውን በሰሙት እናታቸው ትእዛዝ ከቅጥሩ በር አጠገብ ጎን ለጎን ቆሙ። ልጅዓለም ነጠላውን ይነካካል። ቢያድግልኝ መሬት መሬት ያያል። ምንይችል እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል። ከኮሌጁ የመጣው ሰው ሁሉ የማያይ መስሎ ያያል።

የሺመቤት ጋቢውን ክንዷ ላይ ጥላ መጣች። ሶስና ከጎኗ ናት፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ወንድማማቾቹ ፊት ሲደርሱ እናትየዋ ጋቢውን ዘረጋችው፤ ልጅቷ በሌላው ጫፍ ያዘችላት። ሁለቱንም ትከሻዋን እኩል አንስታ ነው የያዘችው፤ ይህን ያዩት ሦስቱም ወንድማማቾች ዓይናቸውን አበሱ።

«በማን ትከሻ ላይ ነው እማዬ?» አለች ሶስና በሹክሹክታ።

የሺመቤት ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። ጋቢው በእጇ እንደተዘረጋ ነው፤ ኪዳነ ምሕረትም ትሰማለች። ሦስቱ ይልበሱት የለ፣ ይቀደድ የለ፣ ለነገ ይደር የለ። እናንተ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ልጅም ወንድምም ያላችሁ፣ አትሸሹ፣ ፍረዱላት፤ በሩን ሰብሮ ለከፈተው፣ ተረግሞም ቢሆን ስብርባሪውን ለያዘው፣ ወይስ ገድሎ አስነሥቶ እጇ ላይ ላኖረው፣ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው?